የግራው ሳጥን

የብረት ሠሪዎች ሰፈር ሳጥን ሠሪውን «አይገባም» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት የገዛ ምላሱ ነው። ሞተር ሳይክሉን በር ላይ አቁሞ የሚገባ ደንበኛ «ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ይገባል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ከሥራው ቀና ሳይል «አይገባም» ይላል። «አቧራስ?» «አይገባም።» «ሌባስ?» «ሌባ? መጥቶ ይሞክረው፤ አይገባም።» ጎረቤቱ ራዲያተር ጠጋኝ ግን ነገሩን በሌላ መንገድ ይተረጉመዋል። «ስሙ የወጣለት ለሳጥኑ መሰላችሁ? ለጭንቅላቱ እኮ ነው፤ ምክር አይገባውም» እያለ ሰፈሩን ያስቃል። እሱም አብሮ ይስቃል። ቀልዱ ምን ያህል እውነት እንደሆነ የሚያውቀው ግን እሱ ብቻ ነበር።

ሥራው የሞተር ሳይክል የጎን ሳጥን ነው። አስፋልት ሰለቸን ብለው ኮረኮንቹን፣ አሸዋውንና የደረቀውን ወንዝ ሊያቋርጡ ለሚነሱ ሰዎች፣ ሁለት ሚሊ ውፍረት ያለውን የአሉሚኒየም ላሜራ አጥፎ ሳጥን ያወጣል። ማዕዘኑን በብየዳ ይዘጋል፤ በክዳኑ ዙሪያ ጎማ ያስገባል፤ የግራውና የቀኙ በአንድ ቁልፍ እንዲከፈቱ ያደርጋል። ከሁሉ በላይ የሚኮራው ግን በአገጣጠሙ ነው። ሌሎች ሠሪዎች ሳጥኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት በቡሎን ወይም በእጅ በሚነቀል ፒን ነው። እሱ ይበይደዋል። «ተበየደ ማለት አብሮ ተወለደ ማለት ነው» ይላል፤ ይህችን አባባል ስንት ሺህ ጊዜ እንዳላት አንድዬ ይወቀው።

ያን ዕለት ጠዋት መጀመሪያ የመጣው አንድ ፋርማሲስት ነበር። ለስላሳ እጅ፣ ንጹህ ጫማ፣ ላስቲኩ ገና ከመቀመጫው ያልተላጠ አዲስ ሞተር ያለው ሰው ነው። በዕረፍቱ በረሃ ሊያቋርጥ አስቧል፤ እንቅልፍ የነሳው ግን በረሃው ሳይሆን ዕቃ መያዣው ነበር።

«ጠንካራ ሳጥን ነው ወይስ የሸራ ቦርሳ የሚሻለው? ልወስን አልቻልኩም» አለ። «የሸራው ቀላል ነው ይላሉ። ስትወድቅም እግር አይዝም ይላሉ።»

«እነማን ናቸው የሚሉት?»

«ኢንተርኔት ላይ።»

«ኢንተርኔቱ ሞተር ይነዳል?» አለ አይገባም። «ሸራ ማለት ጆንያ ነው። ስም ስለወጣለት ጆንያነቱ አይቀርም። ዝናብ ሲመጣ ይርሳል፣ እሾህ ሲያገኘው ይቀደዳል፣ አንዱ በምላጭ ሸርከት አድርጎት ስንቅህን ይዞልህ ይሄዳል። ይልቅ ያን እይ።»

ያን ያለው ከበሩ ትይዩ መደርደሪያ ላይ ብቻውን የተቀመጠውን አሮጌ ሳጥን ነው። ጀርባው ወደ ግድግዳው ተጠግቷል፤ ከፊት የሚታየው ጎኑ ላይ ጥቂት ረጃጅም ጭረቶች አሉ።

«ገደል ወርዷል፣ ከነሞተሩ። እስቲ ስርጉድ ያለ ቦታ ፈልግበት።»

ፋርማሲስቱ ተንጠራርቶ በጣቱ አንኳኳው፤ ሳጥኑ ደህና ድምፅ ሰጠው። ትንሽ ዘንበል ሲያደርገው ውስጡ አንድ ከባድ ነገር ተንከባለለ።

«ምን አለ ውስጡ?»

«ክብደት ነው። ከመደርደሪያው እንዳይወድቅ።»

«ነጂውስ?»

«ምን ነጂው?»

«ገደል የወረደው ሰው።»

«የእሱ ቀን ደርሶ ነበር» አለ አይገባም፤ ሳጥኑንም በጨርቅ ይወለውል ጀመር። ገዢ ሲገዛ የሚያየው ዕቃውን ነው እንጂ ሻጩን አይደለም። ፋርማሲስቱም የልቡ ደርሶለት ስለነበር፣ «ልክ እንደዚህኛው አድርገው ይበይዱልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሞተሬን ይዤ እመጣለሁ» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ቦርሳውን እርግፍ አድርጎ ተወው።

ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ የወንድሙ ልጅ መጣች። ገና ከመታጠፊያው የሞተሯን ድምፅ ስለሚለየው ሻዩን ጥዶ ጠበቃት። አባቷ ሲሞት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሃያ አምስት ሞልቷታል። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት አባት የሆናት እሱ ነው። ያስተማራት እሱ፣ ስትመረቅ ከእናቷ ቀድሞ ያለቀሰው እሱ ነው። የራሱ ልጅ የለውም። ሳምንት ሳይሞላ መጥታ ሱቁ ውስጥ ባለችው ባለ ሦስት እግር መቀመጫ፣ እዚያች ዱካ ላይ ካልተቀመጠች ሥራው እጁ ላይ ይበላሽበታል።

እንጀራዋ ጉዳት መገመት ነው። የኢንሹራንስ ድርጅት ቀጥሯት፣ ሰዎች ተገጨብን፣ ተገለበጠብን እያሉ የሚያመጡትን ተሽከርካሪ ዞራ ታያለች፤ ጭረቱን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ከዚያ ማን ማንን እንደገጨ፣ በምን ፍጥነት፣ ከየት አቅጣጫ እንደሆነ ትናገራለች። የቆመን መኪና ከግንብ ጋር አላትሞ «በሌሊት ገጭተውኝ ሄዱ» የሚል ሰው እሷ ፊት ለመቆም ወኔ ያስፈልገዋል።

«ጋሼ፣ ሻይ አለ?» አለች ገና ሄልሜቷን ሳታወልቅ።

«የሰው ገመና ለሚያወጣ ገማች ሻይ የለም።»

«እንግዲያው አንተም አንድ ቀን ገምት» አለችና ጭብጧን ዘረጋችለት። «ምን ይዣለሁ?»

«ሙስና።»

«ተሳስተሃል» ብላ ስቃ እጇን ከፈተች። አንድ ቀለበት ላይ ሁለት ቁልፎች ነበሩ፤ አንዱ የሞተር፣ ሌላው ትንሽና ጥርሱ ሦስት የሆነ። ትንሿን የሠራት ራሱ ነበር። ሻዩን ሳይጠጣ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እማዬ ቁም ሣጥኑን ስታዞር አገኘነው» አለች። «የአባዬ ልብስ ከሆስፒታል የመጣበትን ፌስታል ከፍታው አታውቅም ነበር። ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው የነበረው። እማዬ ሳትከፍተው ያኖረችው የቀኙ ሳጥን ላይ ሞከርኩት፤ እንደ ቅቤ ነው የዞረው።» ከዚያ ወደ መደርደሪያው ቀና አለች። «ወር ሳይሞላ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር እወጣለሁ። አባዬ የሄደበትን መንገድ ነው የምንሄደው፤ አሥር ቀን። ሳጥን ስመርጥ ነው የከረምኩት፤ ኋላ ላይ ግን ምን ያስመርጠኛል አልኩ። የአባዬን ሳጥኖች ግጠምልኝ።»

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። አይገባም ለዘጠኝ ዓመት የፈራው እንዲህ እየሳቀ፣ ሻይ እየጠየቀ ይመጣል ብሎ አስቦ አያውቅም። ለእሷና ለእናቷ የነገራቸው አንድ ነገር ነበር፤ «ገደል ነው የወረደው፤ ወዲያው ነው ያረፈው፤ አልተሠቃየም።» እነሱም ለቅሷቸውን በዚህች ቃል ላይ አሳርፈው ኖረዋል።

«የግራው ቁልፍ አይሠራም» አላት። «ዝጓል።»

«አሉሚኒየም ይዝጋል እንዴ?»

«ሳጥኑን አላልኩም፣ መቆለፊያውን ነው።»

«የቀኙ ካልዛገ የግራው ምን ነካው? አብረው አይደል የተሠሩት?»

የተከበበ ሰው እጁ የገባውን ነገር ሁሉ እንደሚወረውር፣ እሱም ያለውን ወረወረ። «ለምን የሸራ ቦርሳ አትይዢም?» አለ። «ቀላል ነው። አሁን አሁን ጥሩ ጥሩ ይሠራሉ።»

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችው። «አሞሃል?» አለች። «ጆንያ ያዢ እያልከኝ ነው?»

«ስትወድቂ እግር አይዝም።»

«ማን ነው ያለው?»

«ኢንተርኔት ላይ ነው» አለ አይገባም፤ ሳቋ ፈነዳ። እሱ አልሳቀም። ሳቋ ሲያልቅ እሱ እንዳልሳቀ አየች። ሰው ሲዋሽ ማየት ሥራዋ ነው፤ ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ።

«ልሂድ ስላልኩ ነው? ሴት ስለሆንኩ ነው? ወይስ ሳጥኑን ልትሰጠኝ አትፈልግም?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ አንቺን ምን ነፍጌሽ አውቃለሁ?»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አለችና ዱካው ላይ ወጣች። «ተይው፣ ከባድ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሳጥኑ ክንዷ ላይ ደርሶ ነበር። አውርዳ የሥራው ጠረጴዛ ላይ፣ ከብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ አስቀመጠችው። ውስጡ ያለው ነገር ተንከባለለና ቆመ።

ቁልፉን ወዲያው አልሰካችም። ብትሰካው ይሻለው ነበር። እሷ ግን የሥራ ልማዷ ነውና መጀመሪያ ዙሪያውን አየችው፤ ጣቷንም ፊት ለፊት በሚታዩት ረጃጅም ጭረቶች ላይ አሳለፈች።

«ይሄ የውጭ ጎኑ ነው» አለች። ድምጿ ገና የቀልድ ነበር። «በግራ ጎኑ ወድቆ ሸርተት ብሏል። አንድ ክንድ ያህል ብቻ። ከዚያ ቆሟል።» ሳጥኑን አዘነበለችው፤ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። «ጋሼ፣ ይሄ ሳጥን ገደል አልወረደም።»

አይገባም ጨርቁን አንስቶ ጠረጴዛውን ይወለውል ጀመር።

«ገደል የወረደ ነገር ይንከባለላል። የተንከባለለ ነገር ማዕዘኑ ይሰበራል። ይሄ አንድ ጎኑ ብቻ ነው የተነካው። ፍጥነትም አልነበረውም፤ አሸዋ ላይ እግሩን አውርዶ እየተደገፈ ሲሄድ የወደቀ ሰው ነው የሚመስለው።» ቀና አለች። «እንዲህ ያለ አወዳደቅ ሰው አይገድልም።»

«ተይው በቃ። የቆየ ነገር ነው።»

ጀርባውን አዞረችው። ይህ፣ መቆለፊያው ያለበት፣ ለዘጠኝ ዓመት ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት የኖረው ጎን ነው። በመቆለፊያው ዙሪያና በክዳኑ ጠርዝ ላይ ላሜራው በአጫጭር ጭረት ተሸፍኖ ነጭ ሆኗል። አንዱ በሌላው ላይ፣ አንዱ በሌላው ላይ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ ከዚያ በኋላ ድምጿ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«ይሄ ወደ ኋላ የሚያየው ጎን ነው። ሞተር በየትም በኩል ቢወድቅ ይሄን ጎን መሬት አያገኘውም። ይሄ ድንጋይ ነው። ሰው በእጁ የያዘው ድንጋይ።»

«ሌባ ሞክሮት ይሆናል።»

«ሌባ ቆሞ ነው የሚመታ። ከላይ ወደ ታች። ይሄ ከታች ወደ ላይ ነው።» ጣቷን ከጭረቱ ጋር አስኬደችው። «ይሄን የመታው ሰው መሬት ላይ ተኝቷል። እዚህ ጋ ኃይለኛ ነው፣ ላሜራውን ሰርጉዶታል። እዚህ ጋ ደከመ። እዚህ…» ጣቷ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር፣ ጭረቱ እንደ ፀጉር ወደቀጠነበት ቦታ ደረሰ። «እዚህማ መምታት አይደለም። መፋቅ ብቻ ነው። ጋሼ፣ ይሄ የአንድ ሰዓት ሥራ አይደለም።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለውን ተረት አይገባም ወዶት አያውቅም። አሁን ደግሞ ዓይኑ እያየ ይጠራበት ጀመር፤ የሚሸሽበት ጥግ አልነበረም።

ቁልፉን ሰካች። እንደ ቅቤ ዞረ። ክዳኑን ስታነሳው ጎማው ትንሽ ትንፋሽ አወጣ። ውስጡ ሦስት ትልልቅ የውሃ ጠርሙሶች ነበሩ፤ ሦስቱም እስከ አንገታቸው ሙሉ። አጠገባቸው በወረቀት የተጠቀለለ፣ ዱቄት የሆነ ዳቦና የፋሻ ከረጢት አለ። የአቧራ ብናኝ እንኳ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለደንበኛው ሁሉ የማለው እውነት ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ምንም አልገባም። የሚያሳዝነውም እውነት መሆኑ ነው።

«ንገረኝ» አለች።

አይገባም ዱካዋ ላይ ተቀመጠና ነገራት። ሲናገር የሚያየው እጁን ነበር። አባቷ ያን ዓመት ለጉዞ ሲነሳ፣ ሳጥኑን በእጅ በሚነቀል ፒን አድርግልኝ ብሎ ለምኖት ነበር። ብወድቅ እንዲላቀቅልኝ፣ ሲያስፈልግም ነቅዬ እንድጥለው ብሎ። አይገባም ሳቀበት። «በእጅህ የሚነቀል ነገር በሌባም እጅ ይነቀላል» አለውና በየደው። ታናሽ ወንድም ነው፤ ከታላቁ ጋር መከራከር አልለመደም። የመነሻው ዕለት ጠዋት ስንቁን እዚሁ፣ ይሄው ጠረጴዛ አጠገብ ጫኑ፤ የግራው ላይ ውሃውን፣ የቀኙ ላይ ልብሱን። ሁለቱንም ቆለፈና ቁልፉን ከሞተሩ ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት አስገባው።

ያገኘው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወደቀ በሁለተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ። ስልክ የማይሠራበት ሜዳ ነበር። ወንድሙ አሸዋው ላይ እግሩን ሲያወርድ ሳጥኑ ከኋላ ደርሶ ባቱን ያዘው፤ ሞተሩ ተጋደመበት። እግሩ ከሳጥኑና ከአንድ ድንጋይ መሀል ተነክሶ ቀረ። ሳጥኑ ቢላቀቅ እግሩ ይወጣ ነበር፤ ሳጥኑ ግን አብሮ የተወለደ ነበር። ቁልፉ ከመሪው ሥር ተሰክቶ፣ ከጣቱ ሁለት ክንድ ርቆ ተንጠልጥሏል። ውሃው ከእጁ ሥር ነው፤ በሁለት ሚሊ ላሜራ ተለይቶ። ሹፌሩ ሲደርስ ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር። ውሃ ሊያጠጣው ሞከረ፤ አልወርድ አለው። ቁልፉን ነቅሎ ጃኬቱ ኪስ ከተተለትና አንስቶ ጫነው። ሆስፒታል ሳይደርስ መኪናው ላይ አረፈ። ድንጋዩን ከጭብጡ ለማስለቀቅ ሹፌሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ነበረበት። ይህን ሁሉ ሹፌሩ የነገረው ለአይገባም ብቻ ነው፤ «ለቤተሰቡ አንተ እንደሚሆን አድርገህ ንገር» ብሎ።

አንድ ነገር ብቻ አስቀረ፤ ለእሷ ሊነግራት አልቻለም።

«እና ወስደህ መደርደሪያ ላይ አወጣኸው» አለች።

«ሳጥኖቹን ከሞተሩ ላይ ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የቀኙን ለእናትሽ ሰጠሁ። ይሄን መጣል አልቻልኩም። አዙሬ ጭረቱን ወደ ግድግዳው አድርጌ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን አንዱ መጥቶ፣ ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው አለኝ። ገደል ወርዶ ነው አልኩት። እዚያው ቆሞ ሁለት አዘዘኝ።» ምራቁን ዋጠ። «ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ እሱን አይቶ ነው የሚያዘው።»

«እኔን ያስተማርክበት ገንዘብ…»

«አዎ።»

እጇን ከሳጥኑ ላይ አነሳች፤ እሳት የነካት ያህል ነበር አነሳሷ። ከጎረቤት የራዲያተር ጠጋኙ መዶሻ ይሰማል።

«ከእሱ በኋላ ለስንት ሰው በየድክ?»

«አልቆጠርኩም።»

«ለምን? እሱ እንደዚያ ሆኖ ከሞተ በኋላ እንኳ ለምን ወደ ፒን አልቀየርከውም? ቡሎን እንኳ ለምን አላደረግክም? የአንድ ቀን ሥራ እኮ ነው።»

ይህን ጥያቄ ራሱን ብዙ ጊዜ ጠይቆታል፤ መልሱንም ያውቀዋል። አፍ አውጥቶ ሲለው ግን የመጀመሪያው ነበር። «ብቀይረው ለምን ቀየርከው ይሉኛል» አለ። «ብቀይረው የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ካልቀየርኩት ግን… ቀኑ ደርሶ ነው ማለት እችላለሁ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ቢያለቅስ የሚቀለው እሱ ነበር፤ እሱም እንባ አልመጣለትም። ከሦስቱ ጠርሙሶች አንዱን አውጥታ በጃኬቷ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ ከተተችው። ክዳኑን ዘጋች። ቁልፉን አዙራ አወጣችና ኪሷ ጨመረችው። ከዚያ ሳጥኑን ተሸክማ ዱካው ላይ ወጣችና ቦታው መለሰችው፤ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጋ። ነጩ ጭረት ከውጭ በሚገባው ብርሃን ፊት ለፊት ቆመ።

ይሄኔ በር ላይ አዲስ ሞተር መጥቶ ቆመ። ፋርማሲስቱ ነበር።

«ደንበኛዎ መጥቷል» አለችው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንቱ ብላው አታውቅም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ሄልሜቷን አንስታ ወጣችና ሞተሯ አጠገብ ቆመች። ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች፤ አንዷን ጣት፣ ከዚያ ሌላዋን። አትቸኩልም። በሩ ክፍት ነው፤ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል።

ፋርማሲስቱ እጁን እያፋተገ ገባ። «መጣሁ!» አለ። «ሞተሩ ይኸው፣ እኔም ይኸው። እንደተባባልነው ይበይዱልኝ፤ የማይነቀል አድርገው።»

የተዘጋጁት ሁለት ሳጥኖች መሬት ላይ ናቸው። የብየዳው መነጽር ከአይገባም እጅ አጠገብ ነው። እጁ ከልማዱ የተነሳ ሄዶ አነሳው። ብዙ ዓመት የሠራ እጅ ነው፤ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይሠራል።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ ፋርማሲስቱ ወደ መደርደሪያው ቀና ብሎ። «ጠዋት ይሄን ጭረት አላየሁትም።»

መልሱ የአይገባም ምላስ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ገደሉ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ መንገድ ነው። አንዷን ቃል ቢላት ሰውዬው ይስቃል፣ እሱ ይበይዳል፣ ከሰዓቱም እንደ ሌላው ከሰዓት ያልፋል። በበሩ አሻግሮ አየ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች። የግራ እጇን ጓንት ጨርሳ የቀኙን ይዛለች።

መነጽሩን አስቀመጠ።

«የወንድሜ እጅ ነው» አለ።

ፋርማሲስቱ ነገሩ ስላልገባው ፈገግ እንዳለ ቀረ። ውጭ ልጅቷ የቀኙን ጓንት ሳታጠልቅ ጥቂት ቆመች። ከዚያ አጠለቀችው፤ ሞተሯን አስነሳች፤ ዞራ ሳታየው ሄደች። አይገባም ድምፁ መታጠፊያው ጋ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠ። በዚያ ድምፅ ሻይ የሚጣድበት ቀን ማለፉን አወቀ። የእሷን ዱካ ስቦ ለሰውዬው አቀረበለት።

«ቁጭ በል» አለው። «ወንድሜም እንዳንተው መጀመሪያ የሸራ ቦርሳ ነበር የፈለገው።»